ወታደር ሳልሆን መኮንኖችን እንግሊዝኛ ማስተማር እችላለሁን?

ውድ ጠያቂያችን፣

በደቡብ ጎንደር በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለስድስት ዓመታት እንግሊዝኛ እንዳስተማሩ፣ በክረምት መርሐ ግብር ሁለተኛ ዲግሪዎን እንደጨረሱ፣ አሁን ደግሞ በአንድ የመኮንኖች ማሠልጠኛ በሲቪል ሠራተኛነት ለመቀጠር የናሙና ትምህርት እንዲሰጡ እንደተጠሩ ጽፈውልኛል። እናትዎ «ልጄን ለጦር አልሰጥም» ብለዋል፤ ታላቅ ወንድምዎ ደግሞ አዲስ አበባ ገብተው ለአይኤልትስ (ለዓለም አቀፉ የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና) በሚያዘጋጅ ማዕከል ቢሠሩ ለታናናሾችዎ ትምህርት የሚልኩት ገንዘብ እንደሚጨምር ይነግሩዎታል። ከሁሉም በላይ ያስጨነቀዎ ግን «ጠመንጃ ነክቼ የማላውቅ ሴት፣ ጦር ሜዳ ለዋሉ ሻምበሎችና ሻለቆች ምን ብዬ አስተምራለሁ?» የሚለው ጥያቄ ነው።

ይህን ጥያቄ እኔም ጠይቄዋለሁ። ለ11 ዓመታት የአውሮፕላን ጥገና ባለሙያዎችን እንግሊዝኛ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ስጀምር ግን ስለ ሞተር የማውቀው ነገር አልነበረም። በመጀመሪያው ሳምንት የለመድኩትን የሰዋስው መጽሐፍ ይዤ ገባሁ። አንድ በዕድሜ የሚበልጡኝ ባለሙያ በትዕግሥት ካዳመጡኝ በኋላ ከጥገና መመሪያ አንድ ገጽ አውጥተው «ሪሙቭ» እና «ዲስኮኔክት» የሚሉት ቃላት ልዩነታቸው ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። ሁለቱንም «ማውጣት» ብዬ ተረጎምኩላቸው። እሳቸው ግን አንደኛው ዕቃውን ከቦታው ማንሣት፣ ሌላኛው የተያያዘውን ገመድ ወይም ቱቦ ብቻ መለየት መሆኑን በእጃቸው አሳዩኝ። ያን ዕለት አፍሬ ወደ ቤቴ ሄድኩ፤ በማግስቱ ግን መመሪያውን ተውሼ ማንበብ ጀመርኩ። ሥራውን እነሱ ያውቁታል፤ የእኔ ድርሻ ቋንቋው ነበር።

የእርስዎም ድርሻ ይኸው ነው። ሻለቃው ጥቃት እንዴት እንደሚታቀድ ከእርስዎ ሊማሩ አይመጡም። የሚቸግራቸው የሚያውቁትን ነገር ለባዕድ መኮንን ሳይዛነፍ ማስረዳት ነው። ይህ ችግር በአገራችን አዲስ አይደለም። የሐረር የጦር አካዳሚ በ1950 ዓ.ም. ገደማ ሥራ ሲጀምር አሠልጣኞቹ የሕንድ መኮንኖች ስለነበሩ ዕጩ መኮንኖቹ ሙያቸውን የተማሩት በእንግሊዝኛ ነው። በ1952 ዓ.ም. ወደ ኮንጎ ከዘመተው ጦር አንሥቶ እስከ ላይቤሪያ፣ ዳርፉርና አብዬ ድረስ በተባበሩት መንግሥታት ሰማያዊ መለዮ የተሰማሩ ወገኖቻችንም ከብዙ አገር መኮንኖች ጋር በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ሪፖርት መጻፍና ማብራሪያ መስጠት ነበረባቸው። በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ቋንቋ ያነሰው መኮንን ልምዱ ቢበልጥም እንኳ ዝም ብሎ ይወጣል። ይህን ዝምታ መስበር ከቻሉ ሥራዎ ተሠራ ማለት ነው።

እርግጥ ነው፣ ሊማሩት የሚገባ ነገር አለ። በሁለተኛ ደረጃ ክፍል ውስጥ ተማሪ ያልሰማውን እንዲደገምለት «ሪፒት» ብሎ እንዲጠይቅ ያስተምራሉ፤ በወታደራዊ ሬዲዮ ግን ይህ ቃል መድፈኛው የተኮሰውን እንደገና እንዲተኩስ የሚሰጥ ትእዛዝ ስለሆነ፣ ያልሰማ ሰው «ሴይ አጌይን» ይላል። «ሮጀር» ማለት መልእክቱ ደርሶኛል ማለት ብቻ ነው፤ ተረድቼዋለሁ፣ እፈጽማለሁም የሚለው «ዊልኮ» ነው። ከዚህ የሚከብደው ደግሞ «ይችላል» የሚለው የራሳችን ቃል ነው፤ በአማርኛ አቅምንም ፈቃድንም ይይዛል። ኃይል የመጠቀም ደንብ ላይ ግን «ሜይ» ፈቃድ ነው፣ «ካን» አቅም ነው፣ «ማስት» ደግሞ ግዴታ ነው። ይህን ልዩነት ያላጠራ መኮንን የተፈቀደለትን እንደ ታዘዘ፣ የታዘዘውን እንደ ተፈቀደ ሊቆጥር ይችላል፤ የሰው ሕይወትም በዚህ ላይ ይወድቃል። እንዲህ ያለውን ነገር ለማየት የቋንቋ መምህር ዓይን ያስፈልጋል እንጂ የጦር ሜዳ ልምድ አያስፈልግም፤ ቃላቱን ለመልመድም ጥቂት ወራት ይበቃሉ።

ሰዓትን ደግሞ ከሁሉ አስቀድመው እንዲያስተምሩ እመክርዎታለሁ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት የሚነሣ ቅኝት በእንግሊዝኛው ትእዛዝ ላይ 0800 ሆኖ ካልተጻፈ የስድስት ሰዓት ስሕተት ይፈጠራል። የእኛ የሰዓት ክልል በወታደራዊ አጻጻፍ «ቻርሊ» ተብሎ ስለሚጠራና ከ«ዙሉ»፣ ማለትም ከዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት፣ ሦስት ሰዓት ስለሚቀድም ያው ሰዓት 0500 ዙሉ ይሆናል። ከመስከረም የሚነሣውን ዘመን አቆጣጠራችንን ሲጨምሩበት፣ በየትኛውም የውጭ አገር መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ የማያገኙት፣ አንድ ኢትዮጵያዊ መምህር ብቻ አስቀድሞ የሚያየው ትምህርት ይወጣዋል።

ስለ ማዕረግ የጻፉትን አቅልዬ አላየውም። በሲቪል ክፍል ውስጥ የተሳሳተን ተማሪ ወዲያው ማረም ልማዳችን ነው፤ አንድ ኮሎኔል በመቶ አለቆች ፊት ቢታረሙ ግን በሚቀጥለው ሳምንት አፋቸውን አይከፍቱም፤ ምናልባትም ስብሰባ አለብኝ ብለው ይቀራሉ። መፍትሔው ከእነሱው ሙያ ይገኛል። ወታደር ትእዛዝ ሲቀበል መልሶ ማንበብን፣ ማለትም የሰማውን ለነገረው ሰው ደግሞ መናገርን፣ ለምዷል። ሁለት መኮንኖችን ጀርባ ለጀርባ ያስቀምጧቸው፤ አንደኛው ካርታ ላይ ያየውን ቦታ በእንግሊዝኛ ይንገር፣ ሌላኛው ነጥቡን ያስቀምጥና መልሶ ያንብብ። ነጥቡ ወንዙ ውስጥ ካረፈ ስሕተቱን ያሳየው ካርታው ነው፤ ማንም በእርስዎ አልታረመም። ሴትነትዎን በተመለከተ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሊፈትኑዎ የሚሞክሩ ይኖራሉ፤ ተዘጋጅታ የመጣች መምህርት ግን ሥርዓት በሚከበርበት ቤት ከሌላው ቦታ ይልቅ ቶሎ ትከበራለች ብዬ አምናለሁ።

እናትዎን አልወቅስም። ባለፉት ዓመታት ለቅሶ ያልተቀመጠ ቤት ማግኘት በእኛ ዘንድ ከባድ ሆኗል። ቢሆንም ፍርሃታቸው የቅጥር ውልን ሊተካ አይችልም። ሲቪል ሠራተኛ ስለመሆንዎ፣ የሥራ ቦታዎ የት እንደሆነ፣ ያለ ፈቃድዎ ወደ ሌላ ቦታ መዛወር ይኖር እንደሆነ፣ ሥራውን መልቀቅ ሲፈልጉ ምን እንደሚጠበቅብዎ በጽሑፍ ይጠይቁ። መልሱ በጽሑፍ ካልተሰጠዎ አይፈርሙ፤ ይህን የምለው ሥራውን እንዲይዙት የምወድ ሰው ሆኜ ነው። ለጦር ተቋም መሥራትን ኅሊናዎ የማይቀበለው ቢሆን ኖሮ ያ ብቻውን በቂ ምክንያት በሆነ ነበር፤ በደብዳቤዎ ግን አላየሁትም።

ወንድምዎን በተመለከተ ግልጽ ልሁን። የነገሩዎ ደመወዝ ላይ የአዲስ አበባ የቤት ኪራይ አልተቀነሰም። የታናናሾች ትምህርት የሁለታችሁም ዕዳ ነው፤ የእርስዎን ሥራ ከመምረጣቸው በፊት የራሳቸውን ድርሻ ቆርጠው ይናገሩ። የአይኤልትስ ዝግጅት የተከበረ ሥራ ቢሆንም ለፈተናው የሚያዘጋጁ መምህራን ብዙዎች ናቸው፤ የአንድን ሙያ ቋንቋ ለይቶ የሚያስተምር ግን ጥቂት ነው። ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት የመመለስ መንገድ ይዘጋብኛል ወይ ላሉት፣ ከመልቀቅዎ በፊት የወረዳውን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ።

ለናሙና ትምህርቱ የሰዓቱን ጉዳይ ይምረጡ። አንድ አጭር የቅኝት ትእዛዝ በአማርኛ ሰዓት ጽፈው ይግቡ፤ ሁለት መኮንኖች ወደ እንግሊዝኛ ሰዓት ለውጠው በቃል እንዲያስተላልፉት፣ ሦስተኛው መልሶ እንዲያነብበው ያድርጉ። በቋንቋው እንጂ በስልቱ ጉዳይ አይግቡ፤ የማያውቁት ወታደራዊ ቃል ቢነሣ ባለማዕረጉን «እባክዎ ያስረዱኝ» ብለው ይጠይቁና የነገሩዎትን በእንግሊዝኛ ሰሌዳው ላይ ይጻፉት።