«አውጣው» ያልኩበት ቀን

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት ራፐር ፒያሳ ወዳለችው ስቱዲዮዬ መጥቶ፣ ከቡድኑ ተለይቶ ያለ አሳታሚ በገዛ ገንዘቡ የሠራውን የመጀመሪያ አልበሙን አሰማኝና፣ «ጋሼ፣ አያቴ የምታንጎራጉርበትን ክፍል ላውጣው? ጓደኞቼ ከቢቱ፣ ከማጀቢያው ምት ጋር፣ አይሄድም አሉኝ» ሲል ጠየቀኝ። ወዲያው አልመለስኩለትም፤ ሻይ አዘዝኩለት።

ይህንኑ ጥያቄ በነሐሴ 1999 ዓ.ም. አንድ የአዘዞ ልጅ ጠይቆኝ ነበር። ያን ጊዜ ስቱዲዮዬ ግድግዳው በእንቁላል መያዣ ካርቶን የተሸፈነ፣ በሩ ላይ ብርድ ልብስ የተሰቀለበት አንድ ክፍል ነበር። ልጁ አንድ አረጋዊ አዝማሪ ይዞ መጣ። ሂፕ ሆፕ እ.ኤ.አ. በ1973 ዲጄ ኩል ሄርክ በኒው ዮርክ ብሮንክስ ግብዣ ላይ ሸክላ ካጫወተበት ምሽት ጀምሮ እንደሚቆጠር ካስረዳኝ በኋላ፣ የእኛው የአዝማሪ «ተቀበል!» የዚያ ዘመድ ነው ብሎ ተከራከረኝ። ሳቅሁበት።

የማሲንቆው ቆዳ በክረምቱ እርጥበት ረግቦ ስለነበር አዛውንቱ ከሰል አስመጥተው አሞቁት፤ በጣታቸው መታ መታ እያደረጉ ካዳመጡ በኋላ የፈረስ ጭራውን በዕጣን አሹት። የምት መቁጠሪያው በጆሮ ማዳመጫው ሲሰማቸው «ይህ ቋ ቋ የሚለው ማን ነው?» ብለው አውልቀው አስቀመጡት። መሀል ላይ መብራት ጠፋ። ሲመለስም «በራ» በምትለው ቃል የመብራቱን መምጣትና የእኔን መላጣ ገጥመው ዘፈኑብኝ፤ ልጁም በ16 ባር (እያንዳንዱ ባር አራት ምት ነው) ራፕ መለሰላቸው። ስንኞቹን እዚህ ልጽፍላችሁ ብፈልግም፣ ከዚያች አንዲት ቃል በቀር የማስታውሰው የለኝም።

በደቂቃ 90 ምት በሚሄድ ቢት 16 ባር ወደ 43 ሰከንድ ይፈጃል። የአዛውንቱ ስንኝ ግን አንድ ጊዜ ይቀድማል፣ ሌላ ጊዜ ይዘገያል፣ ደስ ባላቸው ቃል ላይ ቆሞ ይቀራል። ልጁ «ላውጣው?» ሲለኝ «አውጣው» አልኩት። አልፎ ተርፎም 80 ጊጋባይት የነበረው ዲስኬ ሲሞላ የአዛውንቱን ድምፅ ራሴ አጠፋሁት። አልበሙ ወጣ፤ የልጁ 16 ባር ግን የሌለን ሰው እየተሟገተ ቀረ። አዛውንቱ ካረፉ በኋላ ቅጂውን ፍለጋ ሲመጣ የምሰጠው አልነበረኝም፤ አልተቆጣኝምም፤ ዲስኩን ብቻ አየው።

እናንተ ወጣት ራፐሮች፣ ስለ ሚክሲንግና ማስተሪንግ፣ ማለትም ድምፆችን ስለ ማደባለቅና የመጨረሻውን ቅጂ ስለ ማስተካከል አልመክራችሁም፤ እሱን ከእኔ በተሻለ ታውቁታላችሁ። የምታበሳጩኝ ግን በወረቀት ጉዳይ ነው፤ ቢት ገዝታችሁ ውሉን ከስልካችሁ ታጠፋላችሁ፣ አብሮ ያዜመላችሁን ሰው ስም ለመጻፍ ትሰንፋላችሁ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ለግጥም ደራሲው ብቻ ሳይሆን ለከዋኙም መብት ሰጥቷል። እኔም ብሆን አዛውንቱን ገንዘብ በእጃቸው ሰጥቼ ከመሸኘት በቀር አንዲት መስመር አላስፈረምኳቸውም፤ ስለዚህ የምቆጣችሁ በሙሉ አፌ አይደለም። በአልበማችሁ ጉዳይ እንደ እኔ ያለውን ሽማግሌ አትስሙ እያልኩ ይህን ሁሉ መጻፌም ያው ምክር ነው።

ለወጣቱ ክፍሉን እንዳያወጣው ነገርኩት፤ የአያቱን ስም እንዲጽፍ፣ ያልተቆረጠውን ቅጂም በሁለት ቦታ እንዲያስቀምጥ ጨመርኩለት። ከዚያም ድጋሚ እንዲያሰማኝ ጠየቅሁት። አያቱ ከቢቱ ግማሽ ምት ያህል ወደ ኋላ ቀርታ ታንጎራጉራለች፤ ከበስተጀርባዋ የቡና ሙቀጫ ይሰማል፤ ልጁም እሷ እስክትጨርስ ጠብቆ ይገባል።