መልስ፦ በቤይሩቶቹ የፍልስጤማውያን ስደተኞች ሰፈሮች በሳብራና ሻቲላ ሰላማዊ ሰዎችን የገደሉት ፋላንጂስቶች (የሊባኖስ ክርስቲያን ሚሊሻዎች) ከሆኑ የእስራኤል ጦር በምን ይጠየቃል?

ገዳዮቹን ያስገባቸው እሱ ስለሆነ ነው። እ.ኤ.አ. መስከረም 1982 ምዕራብ ቤይሩትን ይዞ ነበር፤ ሰፈሮቹን ከቦ ፋላንጂስቶቹን አስገባ፣ ሌሊት ደግሞ ተወርዋሪ መብራት እየተኮሰ አበራላቸው። መሪያቸው ባሺር ጀማየል ከተገደለ ገና ሁለት ቀኑ ነው፣ ቂም ይዘው እንደሚገቡ ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ጉዳዩን እንዲመረምር እስራኤል ራሷ ያቋቋመችው የካሃን ኮሚሽንም በ1983 እስራኤልን በተዘዋዋሪ፣ አሪኤል ሻሮንን በግሉ ተጠያቂ አድርጓል። ሰውዬው የመከላከያ ሚኒስትርነቱን ለቀቀ፣ ከካቢኔው ግን ንቅንቅ አላለም!

ይህን ይዘህ ግን «ያስታጠቀ ሁሉ ይጠየቃል» እንዳትል። ሰው በዚህ ሲረታ ደጋግሜ አይቻለሁ። ኒካራጓን ይጠቅሱብሃል፦ የሄጉ ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት በ1986 አሜሪካ የኒካራጓን መንግሥት የሚወጉትን ኮንትራዎች በማስታጠቋና በማሰልጠኗ ሕግ ጥሳለች ብሎ ሲያበቃ፣ እነሱ ለፈጸሙት ግፍ ግን አላስጠየቃትም፤ እያንዳንዱን ዘመቻ በእጇ ይዛ ትመራ እንደነበር አልተረጋገጠማ።