«ዕድሜ ነው» ከማለታችሁ በፊት

ውድ ወጣት ሐኪሞች፣

ምክር ከመስጠቴ በፊት አንድ ጥፋቴን ልናዘዝ። ገና ወጣት ሳለሁ አንድ ልጅ የሰባ አራት ዓመት አባቱን ደግፎ ይዞልኝ መጣ። «ዶክተር፣ አባቴ ነገር መርሳት ጀምሯል። ሽንትም ያመልጠዋል» አለኝ። አዛውንቱን ወንበር ላይ እንደተቀመጡ ጥቂት ጥያቄ ጠየቅኋቸው። ቀኑን ተሳሳቱ። ወሩም ጠፋቸው። ውጭ ተራ የሚጠብቀው ሰው ብዙ ነው። «ዕድሜ ነው፤ እንግዲህ መንከባከብ ነው» ብዬ ሸኘኋቸው።

ከዓመት በላይ ቆይቶ አንድ የሥራ ባልደረባዬ እኚሁ ሰው ከበሩ እስከ ወንበሩ ሲመጡ አየ። እኔ ይህን አላየሁም፤ ካርድ እየጻፍኩ ነበር። እግራቸው ከመሬቱ ጋር የተጣበቀ ይመስል ነበር አለኝ። እርምጃቸው አጭር ነው፤ እግራቸውን ፈርከክ አድርገው ነው የሚሄዱት። ለመዞር ብዙ ትንንሽ እርምጃ ያስፈልጋቸዋል። ሲቲ ስካን ሲነሱ በአንጎላቸው ውስጥ ያሉት የውሃ ክፍሎች ሰፍተው ተገኙ።

በአንጎል ውስጥ ፈሳሽ የሚጠራቀምበት ይህ በሽታ ኖርማል ፕሬዠር ሃይድሮሴፋለስ ይባላል። ኮሎምቢያዊው የነርቭ ቀዶ ሐኪም ሳሎሞን ሃኪምና ባልደረቦቹ በ1965 እ.ኤ.አ. ለዓለም አስተዋወቁት። (ስሙም ሃኪም፣ ሥራውም ሐኪም። ለተማሪዎቼ ይህን ነግሬ የረሳው የለም።) ሦስት ነገር ይዞ ይመጣል፦ የአረማመድ ችግር፣ የሽንት ማምለጥ፣ የመርሳት ችግር። ብዙውን ጊዜ የሚቀድመው አረማመዱ ነው። መፈተኛው ብዙ ወጪ የለውም። በሽተኛው ሲራመድ በስልካችሁ ሰዓት ትለካላችሁ። ከዚያ አንጎልንና ሕብለ ሰረሰርን ከሚከብበው ፈሳሽ ከ30 እስከ 50 ሚሊ ሊትር በጀርባ በኩል በመርፌ ይቀዳል። ከሰዓታት በኋላ እንደገና አራምዳችሁ ትለካላችሁ። እርምጃው ከፈጠነ ፈሳሹን ከአንጎል ወደ ሆድ የሚያወርድ ቀጭን ቱቦ በቀዶ ሕክምና ይገባለታል። ሁሉም አይድንም። የሚሻለው ሰው ግን መጀመሪያ የሚመለስለት እግሩ ነው። ትዝታው ወደ ኋላ ይቀራል፤ ሲዘገይ ደግሞ ጨርሶ ላይመለስ ይችላል። እኔ ያባከንኩት ያንን ጊዜ ነው። ባልደረባዬ «አንድ ዶክተር ዕድሜ ነው ብሎ መልሷቸው ነበር» ሲለኝ፣ ያ ዶክተር እኔ መሆኔን አልነገርኩትም። ለዓመታት ደብቄዋለሁ።

ስለዚህ አዛውንት ሲገቡ ብዕራችሁን አስቀምጡና አረማመዳቸውን እዩ። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

«ብርቅ በሽታ» የሚለው ቃል ደግሞ እንዳያታልላችሁ። ብርቅነት እንደቆማችሁበት ቦታ ነው። ጓያ የተባለውን ጥራጥሬ ለረጅም ጊዜ አዘውትሮ ከመብላት የሚመጣው የጓያ ሽባነት ዛሬ ለአንድ የአውሮፓ ሐኪም በመጽሐፍ ብቻ የሚያውቀው ነገር ሊሆን ይችላል። ደምቢያ ወይም ፎገራ የሠራ ሐኪም ግን እግራቸው እንደ መቀስ እየተጠላለፈ በዱላ የሚሄዱ ሽማግሌ አይቶ «በድርቁ ዘመን ምን ትበሉ ነበር?» ብሎ ይጠይቃል።

ተቃራኒውም አለ። ጃይንት ሴል አርተራይተስ የሚባለው የደም ሥር ብግነት በሰሜን አውሮፓ አዛውንቶች ዘንድ የታወቀ ነው። እኛ ጋ እምብዛም አይታይም። እምብዛም ማለት ግን የለም ማለት አይደለም። አንዲት እናት አዲስ ራስ ምታት ይዟቸው መጡ። ፓራሲታሞል ተሰጥቷቸው ሁለት ጊዜ ተመልሰዋል። እኔም ልሸኛቸው ስል ልጃቸው «ፀጉሯን ስሠራት ትጮሃለች» አለች። ቀና አልኩ። «እማማ፣ ሲበሉስ?» አልኳቸው። «ቆሎ ሳኝክ መንጋጋዬ ይዝላል፣ ሳርፍ ይተወኛል» አሉኝ። ኢኤስአር የሚባለውን፣ ብግነት መኖሩን የሚጠቁም የደም ምርመራ አሠራሁ፤ ከ100 በላይ ሆኖ መጣ። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ፕሬድኒሶሎን የተባለውን ስቴሮይድ ጀመርንላቸው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ይህ በሽታ ሳይታከም ከቆየ የአንድ ዓይን ብርሃን በድንገት ሊያጠፋ ይችላል። ሁለተኛው ዓይን በቀናት ውስጥ ሊከተል ይችላል፤ የጠፋው ደግሞ ብዙ ጊዜ አይመለስም። ስለዚህ ከደም ሥሩ የሚወሰደው ናሙና ውጤት እስኪመጣ አትጠብቁ። መድኃኒቱ ተጀምሮም ናሙናው በአንድ ሁለት ሳምንት ውስጥ ከተወሰደ በሽታውን ሊያሳይ ይችላል። መጽሐፉ በደንብ የማይነግራችሁን ደግሞ እኔ ልንገራችሁ። በእኛ አገር ፕሬድኒሶሎን ስትሰጡ የተኛ ቲቢ ልትቀሰቅሱ ትችላላችሁ። ስትሮንጂሎይደስ የሚባለው ትልም አንጀት ውስጥ ካለ በስቴሮይድ ምክንያት በሰውነት ሊሰራጭና ሊገድል ይችላል። መድኃኒቱን ጀምሩ፣ ጎን ለጎን ግን ሁለቱንም ፈልጉ። ስኳርም ለኩ። በድንገት እንዳያቋርጡት ለበሽተኛዋም ለልጇም ደጋግማችሁ ንገሩ።

አሁን ወደ መድኃኒት ፌስታሉ። አስታማሚው መድኃኒቱን ሁሉ በፌስታል ይዞ እንዲመጣ ንገሩትና ጠረጴዛው ላይ ዘርግፉት። ብርቅ የሚመስል በሽታ አንዳንዴ ከፌስታሉ ውስጥ ይወጣል። እጃቸው የሚንቀጠቀጥ፣ ፊታቸው የደነዘዘ አዛውንት የፓርኪንሰን መድኃኒት ተጀምሮላቸው አይቻለሁ። ለማቅለሽለሽ የታዘዘላቸውን ሜቶክሎፕራማይድ፣ ያው ፕላሲል የምንለውን፣ ለወራት እየገዙ ይወስዱ ነበር። ማንም አቁሙ አላላቸውም። ፕላሲሉ ቆመ፤ መንቀጥቀጡም ቀስ በቀስ ለቀቃቸው። እንግዲህ የእኔ ትልቁ «ግኝት» ይኼ ነው።

አንድ ሌላ ልጨምር። አንድ ሽማግሌ ከሱ፣ ደከሙ፣ ብድግ ሲሉ ያዞራቸዋል። ካንሰር ፈለግን፣ አላገኘንም። ባለቤታቸው «ጨው እየላሰ አስቸገረኝ» አሉ፣ እንደ ቀልድ። መታወቂያቸውን አስወጣሁና ፎቶውን ከፊታቸው ጋር አነጻጸርኩ። ጠቁረዋል። በእኛ ቆዳ ላይ ይህ በቀላሉ አይታይም፤ ድዳቸውንና የመዳፋቸውን መስመር ማየት ያስፈልጋል። እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ አዲሰን በ1855 እ.ኤ.አ. የጻፈው፣ በስሙ የሚጠራው የአዲሰን በሽታ ነበር። ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች በቲቢ ተጎድተዋል። ዕጢዎቹ ማመንጨት ያቃታቸውን ሆርሞን የሚተካውን ሃይድሮኮርቲዞን ጀመርን፤ ግለሰቡ በቀናት ውስጥ ቀና አሉ። ችግሩ የመጣው የቲቢ መድኃኒት ስንጨምር ነው። ከቲቢ መድኃኒቶቹ አንዱ የሆነው ሪፋምፒሲን ሃይድሮኮርቲዞኑን ቶሎ ቶሎ ከሰውነት ያስወግደዋል። መጠኑን ከፍ ማድረግ ነበረብን። ያንን ያስታወሰችን የፋርማሲ ባለሙያዋ ናት። እኛ ሐኪሞቹ አይደለንም።

ይህን ሁሉ ሰምታችሁ ደግሞ በየአልጋው ላይ ብርቅ በሽታ ማደን እንዳትጀምሩ። ራውንድ ላይ፣ በሽተኞችን በየአልጋቸው እየዞርን ስናይ፣ አስተማሪን ለማስደነቅ ሲባል አዛውንት ከምርመራ ምርመራ ሲንከራተቱ አይቼ ተናድጃለሁ። ትኩሳት የሌለው የሳንባ ምች፣ ደረት ሳያም የሚመጣ ድንገተኛ የልብ ሕመም (ኸርት አታክ)፣ ዝም የሚያሰኝ የታይሮይድ በሽታ፣ ከሳምንታት በፊት በደረሰ ትንሽ መውደቅ የተጠራቀመ የጭንቅላት ደም፦ እነዚህ ብርቅ አይደሉም። በአዛውንት ላይ ግን መልካቸውን ቀይረው ይመጣሉ። መጀመሪያ እነሱን ፈልጉ። ሲቲ ስካን ከማዘዛችሁ በፊትም ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ጠይቁ። በሬ ተሽጦ የተነሳ ሲቲ ስካን አይቻለሁ፤ ውጤቱ ግን የሕክምና ዕቅዱን አንዲት መስመር አልቀየረውም።

የመጨረሻዋ በሽተኛዬ የሰማንያ አንድ ዓመት ሴት ነበሩ። ትኩሳቱ ይመጣል፣ ይሄዳል። የምናውቀውን ሁሉ መረመርን። ወደ ሌላ ከተማ ሪፈር ልጽፍላቸው ስል «አንተ ታውቀዋለህ?» አሉኝ። «አላውቀውም፣ እማማ» አልኩ። «እነዚያስ ያውቁታል?» «ምናልባት።» ትንሽ አሰቡ። «ምናልባት ብዬ ሁለት ቀን አውቶብስ ላይ አልንገላታም። ሕመሙን ብቻ አስታግስልኝ» አሉኝ። ሪፈሩን ቀደድኩት። የሕመም ማስታገሻውን አስተካክዬ በየሳምንቱ እቤታቸው እየሄድኩ አየኋቸው። ካርዳቸው ላይ የበሽታው ስም የሚጻፍበት መስመር እስከ መጨረሻው ባዶ ነበር። ቡናው ግን አንድም ሳምንት ቀርቶ አያውቅም።