ለስግድ ትምህርት ቤት ምን ልንገራቸው ላልሽው

እህቴ፣ ስለ ስግድ፣ ስለ ቤተ እስራኤል (የኢትዮጵያ አይሁዶች) በዓል፣ ጠይቀሻል። እዚህ እስራኤል የልጅሽ መምህርት «ለስግድ ክፍላችን መጥተሽ ስለ በዓሉ ንገሪን፣ እንጀራም ይዘሽ ነይ» ብላኝ ምን ላድርግ ብለሻል። ሂጂ እንጂ! ምግቡን ግን ቀድመሽ አታውጪ። ስግድ እኮ የጾም ቀን ነው፤ ልጆቹ ሲበሉ ብቻ ከዋሉ የምግብ ድግስ ይመስላቸዋል።

እኔ ብሆን ከተራራው እጀምራለሁ። ድሮ ጎንደር አምቦበር ላይ ሕዝቡ ነጭ ለብሶ፣ ኦሪት ከያዙት ቄሶች ኋላ ዳገቱን ሲወጣ። ላይ ሲደርሱ ጸሎቱ፣ የነህምያ ንባብ፣ ወደ ኢየሩሳሌም ዞሮ መስገዱ። ከሰዓት ሲወርዱ ደግሞ ጾሙ ይፈታል፤ ዘፈኑና ዳቦው ይመጣል። ከዚያ በዓሉ ዛሬ የሚከበርበትን የኢየሩሳሌሙን የአርሞን ሃናጺቭ ፎቶ አሳዪያቸው። ባለ ቀለም ጃንጥላዎቹን ሲያዩ ጥያቄው ራሱ ይመጣል።

ለትልልቆቹ ቀኑንም ንገሪያቸው፦ በዕብራውያን አቆጣጠር የሔሽቫን ወር 29፣ ከዮም ኪፑር (ከስርየት ቀን) ጀምሮ ሲቆጠር 50ኛው ቀን። የእስራኤል ፓርላማ፣ ክነሴት፣ በ2008 እ.ኤ.አ. በሕግ ብሔራዊ በዓል አድርጎታል። ስለዚህ «የኢትዮጵያውያን ቀን» የሚል ወረቀት ከለጠፉ ቀስ ብለሽ አርሚያቸው። የአገሩ በዓል ነው፣ የእንግዳ አይደለም።

የልጅሽ አያት አቅም ካላቸው ይዘሻቸው ሂጂ። እሳቸው በአማርኛ ያውሩ፣ ልጅሽ ወደ ዕብራይስጥ ይመልስ። ከየትኛውም ፖስተር ይበልጣል። ልጁን ግን የሀበሻ ልብስ ልበስ ብለሽ አታስገድጂው፤ ብቻውን ለብሶ መቆም ያሳፍረው ይሆናል።

ዳቦውን መጨረሻ ላይ ቁረሺ። አለርጂ ያለበት ልጅ ካለ መምህርቷን ቀድመሽ ጠይቂ።