የእባብ ንድፊያ፦ ከድሬዳዋና ከሐረር ዙሪያ ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

ጥያቄ፦ ባቢሌ ነን። ኦቾሎኒ ስንነቅል ሰው በእባብ ቢነደፍ፣ ሐኪም ቤት እስኪደርስ ምን እናድርግለት?

መልስ፦ መጀመሪያ ከእባቡ ራቁ፤ ልግደለው ብሎ መከተል ሁለተኛ ሰው ያስነድፋል። ቀለበት፣ አምባርና ጫማ እብጠቱ ሳይበረታ ይውለቅ። የተነደፈውን እግር እንደ ስብራት በእንጨትና በነጠላ ደግፋችሁ አታንቀሳቅሱት። በእግሩም አታስኪዱት፤ ጡንቻው በሠራ ቁጥር መርዙ ይሰራጫል። ቃሬዛ ወይም መኪና ከሌለ ሞተር ሳይክል ላይ በነጂውና ከኋላ በሚደግፈው ሰው መሃል ይቀመጥ። ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይበቃል፤ አስፕሪንና ዳይክሎፌናክ መድማት ያባብሳሉ።

ከመነሳታችሁ በፊት ግን ደውሉ። የድሬዳዋው ድልጮራ ሆስፒታልም ይሁን የሐረሩ ሕይወት ፋና፣ የመርዝ ማርከሻው ዛሬ መኖሩን ጠይቁ። በሌለበት ደርሶ እንደገና ሪፈር ማጻፍ ነፍስ የሚያድነውን ሰዓት ይበላል።

ጥያቄ፦ የተነደፈው እግር በገመድ ታስሮ፣ ተበጥቶ ከመጣስ?

መልስ፦ አጥብቆ ማሰር ደም አቋርጦ እግሩን ያበሰብሰዋል። ታስሮ ከቆየ ግን ጤና ጣቢያ ደርሶ፣ ግሉኮስ የሚገባበት መስመር ተከፍቶና ማርከሻው ተዘጋጅቶ ቢፈታ ይሻላል፤ የተጠራቀመው መርዝ በአንዴ ሊለቀቅ ይችላል። መብጣት፣ መምጠጥና ቁስሉ ላይ የሚደረገው ጥቁር ድንጋይ መርዝ አያወጡም። የዳኑ የሚመስሉት ብዙዎቹ መርዝ በሌለው እባብ የተነደፉ ወይም መርዝ ያልገባባቸው ናቸው። የባህል ሐኪሙን ግን አታጥላሉት። ቅርብ ነው፣ ሰው ያምነዋል፤ «ቶሎ ወደ ሐኪም ቤት ላክልን» ብላችሁ ተስማሙ።

ጥያቄ፦ የጤና ጣቢያ ነርስ ነኝ፤ ላቦራቶሪ የለንም። መርዙ ደም ማበላሸቱን በምን ልለይ?

መልስ፦ በ20 ደቂቃ የደም መርጋት ምርመራ። 2 ሚሊ ሊትር ደም ከደም ሥር ቀድተው በአዲስ፣ ደረቅ የመስታወት ቲዩብ ያኑሩ። 20 ደቂቃ ሳይነኩት ቆይተው አንዴ ብቻ ያዘንብሉት። ከፈሰሰ ደሙ መርጋት አቁሟል፤ በእኛ ቆላ ያለችው ትንሿ እፉኝት ይህን ታደርጋለች። ፕላስቲክ ቲዩብ ወይም በሳሙና የታጠበ መስታወት የጤነኛውንም ደም ሳያረጋ ይቀራል። ስለዚህ የጤነኛ ሰው ደም ጎን ለጎን ያስቀምጡ። ከረጋም ወደ ቤት አይሸኙት፤ ምርመራውን እየደጋገሙ 24 ሰዓት ይከታተሉት። ማርከሻ ከተሰጠ ከ6 ሰዓት በኋላ ይድገሙ፤ አሁንም ካልረጋ ተጨማሪ ማርከሻ ያስፈልገዋል። እስኪረጋ ድረስ ጡንቻ ላይ መርፌ አይውጉ፤ ከዚህ የሚለየው ለአለርጂ የሚሰጠው አድሬናሊን ብቻ ነው።

እብጠት አለመኖሩ አያታልልዎት። ጥቁር ማምባ ብዙም ሳያሳብጥ ይገድላል፤ የዓይን ቆብ መውደቅና ምራቅ መዋጥ ማቃት ከታየ አምቡ ባግ (በእጅ እየተጨመቀ የሚያስተነፍስ ከረጢት) ይዘው አብረው ይሂዱ።

ጥያቄ፦ ለሕፃን የማርከሻው መጠን ይቀነሳል?

መልስ፦ አይቀነስም። እባቡ ለሕፃን ብሎ መርዝ አይቀንስም፤ የሚቀነሰው ማርከሻው የሚበጠበጥበት ፈሳሽ ነው። ማርከሻውን ከመጀመርዎ በፊት፣ አለርጂ ቢነሳ የሚወጋ አድሬናሊን በሲሪንጅ ይቅዱ፦ ለአዋቂ 0.5 ሚሊ ግራም፣ ለልጅ በኪሎ 0.01 ሚሊ ግራም፣ ታፋ ላይ።

ጥያቄ፦ ማርከሻው ለምን ይጠፋል?

መልስ፦ ለአፍሪካ እባቦች ሲመረት የነበረውን ፋቭ አፍሪክ የተባለ ማርከሻ የፈረንሳዩ መድኃኒት አምራች ሳኖፊ በ2014 (እ.ኤ.አ.) አቆመ፤ የመጨረሻው ምርት በ2016 ጊዜው አለፈበት። ፈሳሹ ማርከሻ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይፈልጋል፤ በድሬ ሙቀት መብራት ሲጠፋ ይበላሻል። የዱቄቱ ዓይነት ሙቀት ይችላል። ሲገዛ መለያው ላይ የእባቦቹ ስም ይነበብ፤ ለእስያ እባብ የተሠራ ለእኛ አይሆንም።

ጥያቄ፦ እባብ ዓይን ውስጥ ቢተፋ?

መልስ፦ ቢያንስ 15 ደቂቃ በብዙ ውሃ ይታጠብ፣ ከዚያ ቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት። ማርከሻ ዓይን ውስጥ አይጨመርም።