በአደጋ ሰዓት የሚያዝዘው ማን ነው?

ጠያቂያችን የጻፉት በአጭሩ ይህ ነው፦ አዳማ በሚገኘው ፋብሪካቸው የአደጋ ጊዜ ቡድን ሊያቋቁሙ ነው፤ እሳት ቢነሣ አዛዡ ሥራ አስኪያጁ ይሁኑ፣ የጥበቃ ኃላፊው ወይስ የደኅንነት ባለሙያው?

እዚሁ አዳማ በአንድ ዱቄት ፋብሪካ የጥገና ክፍል ለ11 ዓመት ሠርቻለሁ፤ የአደጋ ቡድኑም አባል ነበርኩ። በእኔ አስተያየት አዛዡ ከሠለጠኑት መካከል ቀድሞ ቦታው ላይ የደረሰው ነው፤ የበለጠ የሚያውቅ መጥቶ እስኪረከበው ድረስ። የቢሮ ሥልጣን እዚህ ላይ አይቆጠርም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የባዶ ጆንያ መጋዘናችን ተቀጣጠለ። የፈረቃ ኃላፊው ሁለት ልጆች ቱቦ አስይዞ ውኃ ማስረጨት ጀምሯል። በዚህ መሐል ሥራ አስኪያጁ ከቢሮ እየሮጡ መጡና «መብራት አጥፉ!» ብለው ጮኹ። ትእዛዙ በራሱ ክፉ አልነበረም። ነገር ግን ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ዋናውን መስመር ሲቆርጥ የውኃ ፓምፑም አብሮ ቆመ፤ ለካስ በዚያው መስመር ነበር የሚሠራው። ቱቦው በልጆቹ እጅ ላይ ሲልፈሰፈስ እስከ ዛሬ ይታየኛል። ውኃው እስኪመለስ ግማሹ መጋዘን ነደደ። የእሳት አደጋ መኪና ደርሶ መኮንኑ «እዚህ የሚያዝዘው ማን ነው?» ሲል ደግሞ ሦስት ሰዎች በአንድ ጊዜ «እኔ» አሉ።

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970 በካሊፎርኒያ በ13 ቀናት ውስጥ 16 ሰዎች የሞቱበትና 700 ያህል ሕንፃዎች የወደሙበት ሰደድ እሳት ተነሥቶ ነበር። ብዙ መሥሪያ ቤቶች ተረባርበዋል፤ ሆኖም የአንዱ ሬዲዮ ከሌላው አይገናኝም፣ ሁሉም የሚሰማው የራሱን አለቃ ነበር። ዛሬ በብዙ አገር የሚሠራበት የአደጋ እዝ ሥርዓት የተወለደው ከዚያ በኋላ ነው። በላይ አንድ አዛዥ አለ፤ ከሥሩ እሳቱን የሚዋጋ፣ መረጃ ሰብስቦ ዕቅድ የሚያወጣ፣ ሰውና ዕቃ የሚያቀርብ፣ ወጪና ሰነድ የሚይዝ ክፍል ይኖራል። ለትንሽ እሳት ይህ ሁሉ አያስፈልግም፤ አዛዡ ብቻውን ይበቃል። ሰው ሲበዛ ግን ይከፋፈላል፤ አንድ ሰው በቀጥታ ሊመራ የሚገባው ከ3 እስከ 7 ሰው ነው፣ 5 ቢሆን ይመረጣል።

ርክክቡ ፊት ለፊት ይሁን። ምን እየነደደ ነው፣ ውስጥ ሰው ቀርቷል ወይ፣ እስካሁን ምን ታዝዟል የሚለውን ተናግሮ «ከአሁን ጀምሮ የሚያዝዘው እሱ ነው» ብሎ ለሁሉም ማሰማት ነው። የከተማው እሳት አደጋ ሲደርስ እዙን ለእነሱ መኮንን ያስረክቡ፤ የእናንተ ሰው ግን ከጎኑ አይለይ፤ የፓምፑ ማብሪያ የት እንዳለ የሚያውቀው እሱ ነውና።

ሥራ አስኪያጁን ቅር ሳያሰኙ ከእሳቱ ማራቅ ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። እኛ ዘንድ የተሳካው በር ላይ ሥራ በመስጠት ነበር፦ ቤተሰብ ማነጋገር፣ ኢንሹራንስ፣ ገንዘብ መፍቀድ። አንጸባራቂ ሰደርያ የሚለብሰው ግን አዛዡ ብቻ ይሁን።

የአዳማን ነፋስ ደግሞ አይርሱት፤ ኮረብታው ላይ እነዚያን ተርባይኖች ያስተከለው እሱ ነው። ሠራተኛ የሚሰበሰብበት ቦታ በተለያየ አቅጣጫ ሁለት ይኑር፤ ጭሱ ወደየት እንደሚነፍስ አይቶ አዛዡ ይመርጣል። የፈረቃው ስም ዝርዝርም በር ላይ ይቀመጥ። በእኛ ጊዜ አንድ ልጅ ጠፋ ተብሎ ሁለት ሰዎች ጭስ ውስጥ ገብተው ሲፈልጉት፣ እሱ ምሳ ሊበላ ቤቱ ሄዶ ነበር።

የእናንተ ፓምፕ በየትኛው መስመር ላይ እንዳለ ግን ቡድኑን ከመሰየማችሁ በፊት እዩት። የእኛን በኋላ ለብቻው አወጣነው፤ ማብሪያውንም ቀይ ቀብተን «አይነካም» ብለን ጻፍንበት።