«ብሮድቸርች» ከልጆች ጋር የሚታይ ድራማ ነውን?

ጥያቄ፦ የምንኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። የ16 ዓመት ሴት፣ የ11 ዓመት ወንድ እና የ6 ዓመት ሴት ልጆች አሉን፤ አማቴም አብረውን ይኖራሉ። ባለቤቴ «ብሮድቸርች» የተባለውን የእንግሊዝ የወንጀል ምርመራ ድራማ በፍላሽ አምጥቶ ማታ ማታ ከነቤተሰቡ እንድናየው ይፈልጋል። «ተኩስ የለበት፣ ደም የለበት፤ ከሌሎቹ ሁሉ ይሻላል» ይላል። እኔ ግን ታሪኩ ስለ ልጅ ግድያ መሆኑን ስሰማ ልቤ አልተቀበለውም። ቴሌቪዥኑ ሳሎን ነው፤ ትንሿ ልጄና አማቴም የሚተኙት እዚያው ነው። ምን ትመክሩኛላችሁ?
እናት፣ ከኮዬ ፈጬ

መልስ፦ ባለቤትዎ የተናገሩት በአመዛኙ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 አይቲቪ በተባለው የብሪታንያ የቴሌቪዥን ጣቢያ የተላለፈውና ስምንት ክፍሎች ያሉት የመጀመሪያው ምዕራፍ ረጋ ያለ ድራማ ነው፤ በየመንገዱ እየተታኮሰ ወንጀለኛ የሚያሳድድ ፖሊስ አይታይበትም። ክብደቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ታሪኩ የሚጀምረው አንድ የ11 ዓመት ልጅ፣ ማለትም የወንድ ልጅዎ እኩያ፣ በባሕር ዳርቻ ከገደል ሥር ሞቶ በመገኘቱ ሲሆን፣ እናቱም እየሮጠች ደርሳ ልጇ መሆኑን በጫማው ታውቃለች። ፍጻሜውን ሳልገልጥ ይህን ያህል ልበል፦ ጥፋተኛው ከሩቅ የመጣ ወንበዴ ሳይሆን የታመነ የቅርብ ሰው ነው፤ ነገሩም አዋቂ ሰው ለልጅ ካለው ያልተገባ ቀረቤታ ጋር የተያያዘ ነው።

የልጆች ፍርሃት በዕድሜ መልኩን እንደሚለውጥ በሥነ ልቦና ጥናት በሚገባ የታወቀ ነው። የስድስት ዓመት ልጅ የሚያስፈራት በዓይኗ የምታየውና በጆሮዋ የምትሰማው ነገር፣ ማለትም አስፈሪ መልክ፣ ጩኸትና የእናት ለቅሶ ነው፤ ልብ ወለድን ከእውነት መለየትም ገና በሚገባ አይሆንላትም። የ11 ዓመት ልጅ ግን «ድራማ ነው» ቢባል ይገባዋል፤ የሚያስጨንቀው ታሪኩ በእሱ ላይ ሊደርስ የሚችል መሆኑ ነው። ስለዚህ የደም አለመኖር ለእሱ መከላከያ አይሆነውም፤ እንዲያውም ሁሉም ነገር ተራ ኑሮ መምሰሉ ፍርሃቱን ያቀርብለታል። ጎረቤቱንና የቡድን አሠልጣኙን በጥርጣሬ ማየት እንዲጀምር ከማድረግ፣ ራሱን እንዴት እንደሚጠብቅ እናትና አባቱ በግልጽ ቃል ቢነግሩት እጅግ ይሻላል። በእኔ አስተያየት እሱም ሆነ ታናሽ እህቱ ይህን ድራማ ማየት የለባቸውም።

አንድ ብዙ ቤተሰብ የማያስተውለው ነገር አለ። ድራማው በእንግሊዝኛ ስለሆነ አማትዎ እንግሊዝኛ የማይሰሙ ከሆነ ባለቤትዎ እየተረጎሙ ሊያስረዷቸው ነው። ያን ጊዜ ትንሿ ልጅ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ብትተኛም፣ በባዕድ ቋንቋ ያመልጣት የነበረውን ሁሉ በአባቷ ድምፅ፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋዋ ትሰማዋለች። ከምስሉ ይልቅ ይህ ያሳስበኛል።

በብሪታንያ ለልጆች የማይሆን ፕሮግራም ከምሽቱ 3 ሰዓት በፊት በዋና ዋናዎቹ ጣቢያዎች አይተላለፍም፤ «ብሮድቸርች»ም የታየው ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ነው። በአገራችንም በ1999 ዓ.ም. የወጣው የብሮድካስት አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 533 ልጆችን የሚጎዳ ፕሮግራም እነሱ በሚመለከቱበት ሰዓት እንዳይተላለፍ ደንግጎ ነበር። ድራማው በፍላሽ ቤት ሲገባ ግን የጣቢያው ሰዓት ስለሚቀር፣ ሰዓቱን የሚወስነው ወላጅ ብቻ ነው። ሳሎኑ መኝታ ቤትም በሆነበት እንደ እርስዎ ባለ ቤት ደግሞ ምሽት ከሁሉ የከፋው ጊዜ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ታናናሾቹ ከብሎኩ ሥር ሲጫወቱ፣ በር ዘግቶና ድምፅ ቀንሶ አንድ ክፍል ማየት ይቻላል።

የ16 ዓመቷ ልጅዎ ከእርስዎ ጋር ብታየው አልቃወምም፤ ብቻዋን በስልኳ እንድታየው ግን አልመክርም። በምዕራፉ መካከል በጋዜጦችና በከተማው ሰው ጥርጣሬ የተሳደደ አንድ ንጹሕ ሰው ራሱን ያጠፋል። ይህን ክፍል አስቀድመው ሁለታችሁ ወላጆች እዩት፤ ልጅዎ በቅርቡ ያዘነች ወይም ከሰው የራቀች መስሎ ከታየዎት ይለፉት። ካልሆነ ግን ካዩ በኋላ አብረዋት ይቀመጡና ያነጋግሯት፤ በቴሌግራምና በፌስቡክ የሰው ስም በአንድ ሌሊት ሲጠፋ ለምታይ ወጣት፣ ያለ ማስረጃ መፍረድ ምን እንደሚያደርስ እንዲህ በጥንቃቄ የሚያሳይ ድራማ ብዙ አላውቅም።

ይህ ፈቃድ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ብቻ የሚመለከት ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የቀረበው ሦስተኛው ምዕራፍ ስለ አስገድዶ መድፈር ስለሆነ፣ ፍላሹ ላይ ካለ ባለቤትዎ ለይተው ያስቀምጡት። የ11 ዓመቱ ልጅም ከእህቱ ተለይቶ ለምን እንደተከለከለ መጠየቁ አይቀርም፤ «ታሪኩ በአንተ ዕድሜ ያለ ልጅ ስለሚሞት አሁን እንድታየው አልፈለግንም» ብለው እውነቱን ይንገሩት፤ ሲያድግ ማየት እንደሚችልም ይጨምሩለት።